የሁለት ዓመት ልብ

ስልኩ ሲጮኽ መርማሪዋ ቆማ ቁርሷን እየበላች ነበር። ወንበር ቢኖራትም ለእንግዳ ነው የምታስቀምጠው። ባልደረቦቿ «ወፍጮ» ይሏታል፤ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ትውላለች፣ እጇ የገባውንም ነገር ሳታደቅ አትለቅም። ከአራት ወር በኋላ ጡረታ ትወጣለች። ያን ቀን ባሰበች ቁጥር እግሯ ይበልጥ ማረፊያ ያጣል።

«ቧንቧ ሞተ» አላት ተረኛው ሳጅን፣ ሰላምታም ሳያስቀድም። «ነገ ችሎት ሊቀርብ፣ ዛሬ ጠዋት ወንበሩ ላይ ሞቶ ተገኘ። ሚስቱ ልቡ ነው ትላለች። አዛዡ ግን ‹ወፍጮ ትየው› ብሏል።»

«ማንም ምንም እንዳይነካ። መጣሁ።»

ቧንቧ የሚባለው ሰውዬ ማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የውሃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት የግዥ ኃላፊ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በቅንነት ሠራ፤ በመጨረሻዎቹ ስምንት ዓመታት ግን ስስ ቧንቧ በወፍራም ዋጋ እየገዛ ትርፉን ከነጋዴዎቹ ጋር ተካፈለ። ቧንቧው ፈነዳ፣ ነገሩም አብሮ ፈነዳ። አራት ዓመት ታስሮ ወጣ። እስሩ ቢያልቅም አንድ ጣጣ ቀርቶት ነበር፤ በወንጀል ያገኘው ጥቅም ተተምኖ ለመንግሥት የሚወረስበት ውሳኔ። ሰፈሩ በዚህ ይቀልድ ነበር፦ «ሌላው አባት ለልጁ ውርስ ይተዋል፤ ቧንቧ ለመንግሥት ይተዋል።»

ቤቱ ባለ አራት ክፍል ሲሆን፣ ጓሮው ጥግ ላይ የሟቹ ታናሽ ወንድም የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ሟቹ የተገኘው መስኮት አጠገብ ባለ ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ስቦ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ያንቀላፋ ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ፔርሙስ፣ አንድ ብርጭቆ፣ ሬዲዮና ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ተቀምጠዋል።

«አልጋው አልተነካም» አለች መርማሪዋ።

«ከእስር ከወጣ ወዲህ አልጋ እንቢ ብሎታል» አለች ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ። ስድሳን ያለፈች፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «እዚሁ ወንበር ላይ ነበር የሚያድረው። እኔ ማዶ ነው የምተኛው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ሲከፍት ሰምቼዋለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁርሱን ይዤ ስገባ…»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን አገጭ ነካች። እንጨት ሆኗል። ክንዱንም ሞከረች፤ ያው ነው። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ወዲህ የሞተ ሰው በዚህ አጭር ጊዜ እንዲህ አይደርቅም። ሬዲዮውን አንሥታ አገላበጠችው። ከጀርባው ትንሽ መሙያ አለው፤ ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ የሚከፈት ዓይነት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሞልቷል።

ሬዲዮውን ወደ ቦታው መለሰችና፣ «ጠዋት ነው እንግዲህ» አለች ጮክ ብላ። «ሬዲዮውን ከፍቶ ዐረፈ።»

ሳጅኑ አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኗ ዘጋችው።

ሚስቲቱን ያነጋገረቻት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አንዷ ሳህን ታጥባለች፣ ሌላዋ ከመስኮት እስከ በር ትመላለሳለች።

«ባለቤትዎ ይህን መድኃኒት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወስዱት?»

«ዐሥር ቀን ሆነው። በቀን አንድ።»

«ብልቃጡ ሠላሳ ፍሬ ይላል። በቀን አንድ ከሆነ ሃያ መትረፍ ነበረበት።»

ሴትዮዋ የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች። እጅጌዋ ተሰብስቧል፤ አንጓዋ ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጣ ያለ መስመር ይታያል፤ ለረጅም ዘመን ታስሮበት የነበረ ነገር በቅርቡ የወጣ ይመስላል። መርማሪዋ አየችው፤ አልጠየቀችም።

«ትላንት ማን ማን መጣ?»

«ልጃችን ለምሳ መጥታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄደች። ወንድሙ እንደ ወትሮው ይወጣል ይገባል፤ ማታ እራቱንም ያስገባለት እሱ ነው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ገማቹ መጣ፤ ‹ሚዛን› የሚሉት። ንብረታችንን እንዲተምን ፍርድ ቤቱ የመደበው ነው፤ ለነገ የሚፈረም ወረቀት ይዞ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሄደ።»

«እንግዳውን ምን አቀረባችሁለት?»

«ውሃ ብቻ ነው የጠየቀው። እኔ ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር፤ ባሌ ራሱ ወጥቶ ቀዳለት።»

«ሻዩንስ ማን አፈላ?»

«እኔ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ። ከእራት በኋላ ካልሆነ አይነካውም። ስኳሩን ቆልሎበት ነው የሚጠጣው፤ እስር ቤት ያመጣው ዐመል ነው።»

«መሞታቸውን ለማን ለማን ተናገሩ?»

«ለልጄ፣ ለእናንተ። ለሚዛንም ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩለት፤ ነገ ችሎት እንዳይጠብቀው ብዬ። ‹ዛሬ ጠዋት ሬዲዮውን ከፍቶ ዐረፈ› አልኩት።»

የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ የሟቹ ወንድም መላጊያውን ይዞ አንድ ጣውላ ይልጋል። ጣውላው ከሚፈለገው በላይ ሳስቷል፤ ሰውየው ግን አላቆመም። ኀምሳ ዓመቱ ነው፤ አግብቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ሙሽራው» ይለዋል።

«ወንድምዎ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ ይባላል» አለች መርማሪዋ።

«የልብ ሕመምተኛ?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስታ የለውም። «በየጠዋቱ ኮረብታው ላይ እስካለው የውሃ ጋን ድረስ አብረን እንወጣ ነበር። እኔ እንደ በሬ እያለከለክሁ ስደርስ እሱ ላቡን ጠርጎ ይጠብቀኛል። ሐሙስ ዕለት ይችን ጣውላ በአንድ ጫፍ እሱ በአንድ ጫፍ እኔ ሆነን ነው ያወረድናት።»

«ታዲያ ለፍርድ ቤቱ የቀረበው የሐኪም ወረቀት? ከሁለት ዓመት በላይ አይኖርም የሚለው?»

ሙሽራው መላጊያውን አስቀመጠ። ግራ ቀኙን አይቶ ከሙጫ ጣሳዎቹ ኋላ አንድ ፖስታ አወጣ።

«አርብ ማታ ‹ይህን ለፍርድ ቤት አድርስልኝ› ብሎ ሰጠኝ። አላደረስኩም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ተጣላን። ‹አንተ ንጹሕ ሆነህ ልትሞት እኛ ሜዳ ላይ ልንቀር ነው?› አልኩት። ያ ቤት ከተሸጠ ይሄም አብሮ ይሸጣል። ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› እያሉ ያበሉት ወዳጆቹ ዛሬ ሰላምታ እንኳ የላቸው፤ የምንቀረው እኔና እትዬ ነን። ጠዋት ሁለት ጊዜ በበሩ አልፌያለሁ። ሬዲዮው ያወራል፤ ተኮራርፈናልና አልገባሁም። ገብቼ ቢሆን እደርስለት ነበር!» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ፖስታው ውስጥ ያለው አጭር ነው።

«ለተከበረው ፍርድ ቤት። ልቤ ጤነኛ ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶታል የሚለው የሐኪም ወረቀት ሐሰት ነው። ያዘጋጀውን ሰው ሰኞ ፊት ለፊት እናገራለሁ። ከጀርባ መውጋት ስለማልወድ ለራሱም ቀድሜ እነግረዋለሁ። አንድ ጊዜ ዋሽቼ ብዙ ቤት ውሃ አጥቷል፤ ሁለተኛ አልዋሽም።»

መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይህን ያወቀ ሁሉ ሰውዬውን ሰኞ ሳይደርስ ዝም ለማሰኘት ምክንያት ነበረው።

ልጅቷን ያገኘቻት ግቢው በር ላይ ነው። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ገና ሳትጠየቅ ነው ነገሩን የዘረገፈችው።

«ብልቃጡን ያመጣሁት እኔ ነኝ! ‹ዝም ብለሽ የልብ መድኃኒት አምጪ፣ ጠረጴዛው ላይ ይታይ› አለችኝ እማዬ። አባዬ አንድም አልዋጠም። ትላንት ለምሳ ስመጣ ሠላሳውም ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጤነኛ ሰው ብዙውን ከወሰደው ልቡን ያቆመዋል፤ እንዳይነካው ብዬ አስጠንቅቄው ነበር።»

«እናትሽ በቀን አንድ ይወስድ ነበር ትላለች።»

«እማዬ?» አለች ልጅቷ፤ ደነገጠች።

አምስት ሰዓት ላይ የፖሊሱ ሐኪም ደወለ። ሰውየው የሞተው ትላንት ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሻዩ ገና ይመረመራል። መርማሪዋ «ይህን ለነፍስ አባትህም አትንገር» ብላ ስልኩን ዘጋች።

የሚዛን ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሑድ ቢሆንም እየሠራ ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሁለት እስክሪብቶዎቹን እንኳ ጎን ለጎን አስተካክሎ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ የዕድሜ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው በአማካይ ስንት ዓመት ይቀረዋል የሚል።

«ነፍስ ይማር። ባለቤቱ ደውላ ነገረችኝ» አለ። «ይቀመጡ፣ ኢንስፔክተር።»

«እቆማለሁ። አንድ ነገር ያስረዱኝ። ጡረታ ይሸጣል?»

«አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ለሌላም አይሰጥም።»

«ታዲያ እንዴት ይወረሳል?»

«ጡረታው ራሱ አይወረስም፤ ዋጋው ግን ከንብረቱ ጋር ይቆጠራል። በየወሩ የሚመጣውን ወስደን፣ ሰውዬው ስንት ዓመት ይኖራል ብለን፣ የነገ ገንዘብ የዛሬን ያህል አያወጣምና ቀንሰን፣ አንድ ድምር እናወጣለን። ፍርድ ቤቱም ‹ይህን ያህል ንብረት አለህና ክፈል› ይለዋል። ከምን ይክፈል? ጡረታው አይሸጥም። ከቤቱ ነዋ።»

«ብዙ የሚኖር ሰው ቤቱን ያጣል ማለት ነው።»

«ቶሎ የሚሞት ሰው ደግሞ ለቤተሰቡ ቤት ይተዋል። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም።» ፈገግ አለ። «ለእሳቸው በሠንጠረዡ ዐሥራ አራት ዓመት ነበር የሚሰጣቸው። የሐኪም ወረቀት ሲመጣ ወደ ሁለት አወረድኩት።»

«ወረቀቱን ማን አመጣው?»

«ቤተሰቡ። እኔ የማየው ማኅተም ነው፤ ልብ አላዳምጥም።»

«አሁንስ? ሞተዋል።»

«አሁን ጡረታው ዜሮ ነው። ለባለቤቱ ግማሹ ይተላለፋል፤ እሱ የራሷ መብት ስለሆነ ፍርድ ቤቱ አይነካውም። ከዚህ ዛሬ ከገባው ወር ጀምሮ ይታሰብላታል።»

«ተሳስተው ያውቃሉ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አንዲት ሳንቲም፣ አንዲት ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ‹ሚዛን› ያሉኝ በከንቱ አይደለም።»

«እንግዲያው በጽሑፍ ይስጡኝ፤ ለፋይሉ።»

ባማረ እጅ ጻፈው፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታበት።

ሰኞ ችሎቱ ለሐሙስ ተላለፈ። አዛዡ ሦስት ጊዜ ደወለ። «ወንድምየው ተጣልቶታል፤ ደብዳቤ ደብቋል፤ እራት ያስገባው እሱ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ? ጋዜጠኞች በሬን ሊሰብሩት ነው!»

«አንድ ቀን ስጠኝ።»

«ትላንትም ቀን ነበር!»

«ትላንት እሑድ ነበር» ብላ ዘጋችው።

እግሯ መጀመሪያ የወሰዳት ወደ ጡረታ ቢሮ ነው። መስኮቱ ኋላ ያለው ጸሐፊ ያውቃታል፤ የራሷን ፎርም ልታስገባ የመጣች መሰለው።

«ስለ እኔ አይደለም። አንድ ጡረተኛ ቢሞት የሚስቱ ድርሻ ከመቼ ይጀምራል?»

«በሞተበት ቀን ነው የሚወሰነው። በወሩ አንድ ቀን በሕይወት የነበረ ሰው የዚያን ወር ጡረታ ሙሉውን ያገኛል፤ የሚስቱ ከሚቀጥለው ወር ነው። ስለዚህ እባክሽ፣ መሞትሽ ካልቀረ ወር ከገባ በኋላ ይሁን!» ብሎ ሳቀ።

መርማሪዋ አልሳቀችም። ካላንደሩን ቀና ብላ አየችው። ቅዳሜ የወሩ ሠላሳኛ ቀን ነው፤ እሑድ አንድ።

ከዚያ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄዳ እስከ ማምሻው ፋይል ስታገላብጥ ዋለች፤ ጸሐፊዋ «እባክዎ ይቀመጡ፣ እርስዎን ሳይ እኔ ደከመኝ» እስክትላት ድረስ። በሰባት ፋይሎች ውስጥ ያንኑ የሐኪም ወረቀት አገኘች፦ ያው ክሊኒክ፣ ያው ማኅተም፣ ያው «ከሁለት ዓመት ያልበለጠ»። አድራሻው ላይ ስትደርስ ክሊኒኩ የለም። ጫማ መሸጫ ሆኗል፤ ከተዘጋ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በሟቹ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሚስቲቱና ልጇ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሙሽራው በሩ አጠገብ ነው፤ እጁ ላይ አሁንም የእንጨት ብናኝ አለ። አዛዡ ሰዓቱን ያያል። ሚዛን የተጠራው «ስለ ጡረታው ለቤተሰቡ እንዲያስረዳ» ተብሎ ነው፤ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ሳጅኑ በሩን ዘጋ።

መርማሪዋ በመካከላቸው ቆመች።

«ሰውየው በልብ በሽታ አልሞተም» አለች። «ፔርሙሱ ውስጥ የቀረው ሻይ ተመርምሯል። ከብልቃጡ የጠፋው መድኃኒት እዚያ ነው ያለው። ስኳሩ ምሬቱን ሸፈነው።»

ሚስቲቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንግዲህ ማን? ሻዩ የፈላው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ላይ ሄዳለች፤ ስለዚህ እሷ ከዚህ ትውጣ። ሦስት ሰው ቀረ። ያፈላችው ሚስት፤ እራት ያስገባው ወንድም፤ ሟቹ ውሃ ሊቀዳለት ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን የቀረው ገማች።»

«እኔ?» አለ ሚዛን፣ ቅንድቡን አንሥቶ። «ሰውየው ኖረም ሞተ ለእኔ ቁጥር ነው። በሞቱ ቤት የተረፈለት ማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም እንዴ?»

«ልክ ነዎት። ሁላችንም ቤቱን ስናይ ዋልን። ሟቹ ግን ደብዳቤ ጽፏል፦ ‹የሐኪሙን ወረቀት ያዘጋጀውን ሰው ሰኞ እናገራለሁ፤ ለራሱም ቀድሜ እነግረዋለሁ።› ያን ወረቀት ያወጣው ክሊኒክ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው። ያው ወረቀት በሰባት ፋይሎች ውስጥ አለ። ሰባቱ ቤተሰቦች አይተዋወቁም። የሰባቱንም ጡረታ የገመተው ግን አንድ ሰው ነው።»

«በመዝገብ ቤቱ ስንት ሰው ያልፋል!» አለ ሚዛን። «ጸሐፊ፣ ጠበቃ፣ ተላላኪ። ይህ ማስረጃ ነው?»

«ብቻውን አይደለም። ለዚህ ነው ወደ ሞቱ ሰዓት የምመጣው።» ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «እሑድ ጠዋት ሬዲዮው ሲከፈት ሰማሁ አሉኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሬዲዮው በራሱ ነው የተከፈተው። ባለቤትዎ በዚያ ሰዓት ከሞቱ ስምንት ሰዓት አልፏቸው ነበር። የሞቱት ቅዳሜ ማታ ነው።»

ሙሽራው ከግድግዳው ተላቀቀ። «ጠዋት በበሩ ሳልፍ…?»

«ቢገቡም አይደርሱላቸውም ነበር። ራስዎን አይብሉ።» ድምፅዋ ለአፍታ ለሰለሰ፤ ወዲያው ተመለሰ። «ይህን የምናውቀው እኔ፣ ሳጅኑና ሐኪሙ ብቻ ነን። እትዬ ጠዋት መስሏቸው እኔን አነጋገሩኝ፤ ሙሽራውም ጠዋት መስሎት አለቀሰ። ለሚዛንም በስልክ የተነገረው ‹ዛሬ ጠዋት› ነው። አሁን ይህን ወረቀት እናንብብ። እሑድ እለት በእጁ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም የመታበት ነው፦ ‹የባለቤትየዋ ድርሻ ዛሬ ከገባው ወር አንስቶ ይታሰባል።›»

«እና?» አለ አዛዡ።

«ጡረታ ቢሮ ጠይቄያለሁ። በወሩ አንድ ቀን በሕይወት የነበረ ሰው የዚያን ወር ጡረታ ሙሉውን ያገኛል፤ የሚስቱ ከሚቀጥለው ወር ነው። እሑድ የወሩ አንድ ቀን ነው። ሰውየው እሑድ ጠዋት ሬዲዮ ከፍቶ የሞተ ቢሆን፣ የሚስቱ ድርሻ በሚቀጥለው ወር ይጀምር ነበር። በዚህ ወር የሚጀምረው ቅዳሜ፣ በሠላሳው ቀን ከሞተ ብቻ ነው። አንዲት ቀን ተሳስቶ የማያውቀው ሰው፣ ማንም ያልነገረውን ቀን ከየት አገኘው?»

ሚዛን ቦርሳውን ከግራ ጭኑ ወደ ቀኝ አዛወረው። ከዚያ መልሶ ወደ ግራ።

«ስህተት ነው» አለ በመጨረሻ። «ቸኩዬ ነው። የአፍ ወለምታ።»

«የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል» አለ ሙሽራው ቀስ ብሎ። «የአፍ ወለምታ በምን ይታሻል? ደግሞ በማኅተም!»

«በአንድ ቃል ሰው አይከሰስም!» ሚዛን ተነሣ። «ወረቀት ሠራህ ትሉኛላችሁ። ለምን ብዬ? ከዚህ ቤት አንዲት ሳንቲም ተቀብያለሁ? የሰጠኝ ካለ ይናገር!»

ይህን ያለው አውቆ ነው። የሰጠው ሰው ቢናገር ራሱን ይከስሳል። መርማሪዋ ከዚህ በኋላ ያለው በእጇ እንዳልሆነ ታውቃለች። ዓይኗን ወደ ሚስቲቱ አላዞረችም።

ሚስቲቱ ብድግ አለች። እጅጌዎቿን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።

«እኔ ነኝ የሰጠሁህ» አለች። «ስድስት የወርቅ አምባር። ለፍርድ ቤቱ ያላስመዘገብኩት። ቢሮህ ድረስ በሻሽ ቋጥሬ አመጣሁልህ። መዝነህ ‹ይበቃል› አልከኝ። ‹መድኃኒትም ጠረጴዛው ላይ ይታይ› ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እማዬ!» አለች ልጅቷ።

«ተይኝ ልጄ። ኢንስፔክተር፣ በቀን አንድ ይወስድ ነበር ያልኩዎ ውሸት ነው። ብልቃጡን ባዶ ሳገኘው ራሱን ያጠፋ መሰለኝ። ለእኛ ቤት ሲል የሞተ መሰለኝ። ያን ለመደበቅ ነው።» እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። «እሱ ግን ሊሞት አላሰበም። ሊናገር ነበር እንጂ።»

ሚዛን ወደ በሩ አየ። ሳጅኑ እዚያው ቆሟል። ገማቹ እንደገና ተቀመጠ።

«ለምኜው ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «‹ስለ እኔ ዝም በል፣ ሰባት ፋይል ነው› አልኩት። ‹እንግዲያው ሰባት ጊዜ ትናገራለህ› አለኝና ውሃዬን ሊቀዳ ሄደ። እንደ ወዳጅ ነበር የሚያወራኝ።»

በማግስቱ ቢሮው ሲፈተሽ ስድስቱ አምባሮች ከመሳቢያው ወጡ፤ የሌሎች ቤተሰቦች ወርቅም አብሮ። እያንዳንዱ ለብቻው በፖስታ ታሽጎ፣ ክብደቱ በዚያው ባማረ እጅ ተጽፎበታል።

ሐሙስ ችሎቱ ሞላ። መርማሪዋ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ሰማች። ጡረታው በሞት ምክንያት ዜሮ ሆኖ ተመዘገበ። የተደበቁት አምባሮች ግን ከሟቹ ንብረት ጋር ተቆጥረው ለመንግሥት ተወረሱ። ሚስቲቱ ጉቦ በመስጠትና ንብረት በመደበቅ እንድትከሰስ ታዘዘ። ቤቱ አልተነካም።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «እመቤት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባይናገሩ ኖሮ አምባሩንም ‹የኔ አይደለም› ማለት ይችሉ ነበር፤ ክስም አይኖርብዎትም ነበር። ማን መክሮዎት ነው?»

«ማንም አልመከረኝም፣ ጌታዬ» አለች ሴትዮዋ። አንጓዋ ባዶ ነው፤ እጇን ግን አልደበቀችም። «ባሌ ስምንት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲያመጣ፣ ‹ከየት ነው?› ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ያን ጊዜ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር።»